አጼ ሱስንዮስ፦ ጦርነቱን አሸንፈው ዙፋናቸውን የለቀቁት ንጉሥ

ሰኔ 1624 ዓ.ም ነው። ወይና ደጋ በተባለው ሥፍራ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ከላስታ የመጡትን ዐማፅያን ድል አድርጓል። መሪያቸው መልክዐ ክርስቶስ አምልጠዋል፤ በሜዳው ላይ ግን 8 ሺህ ያህል ሰው ወድቆ ቀርቷል። በቤተ መንግሥቱ ልማድ ነጋሪት የሚጎሰምበት፣ ፎካሪ የሚፎክርበት፣ ግዳይ የሚጣልበት፣ ሹመትና ሽልማት የሚታደልበት ቀን መሆን ነበረበት። በዚያ ቀን የሆነው ግን ሌላ ነው። መኳንንቱና የንጉሡ ልጅ ፋሲለደስ አጼ ሱስንዮስን ወደ ጦር ሜዳው ይዘው ሄዱና ሬሳውን አሳዩአቸው። በጊዜው በአገሪቱ የነበሩ የካቶሊክ ካህናት ራሳቸው ጽፈው እንዳቆዩት፣ ለንጉሡ የተነገራቸው ነገር አጭርና መራራ ነበር። የወደቁት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ጠላት እንዳልሆኑ፣ ክርስቲያኖች፣ የንጉሡ ገባሮች፣ የገዳዮቻቸውም ሥጋ ዘመዶች እንደሆኑ፤ እንዲህ ያለው ድል ሽንፈት እንጂ ድል እንደማይባል ነገሯቸው።

ንጉሡ በዚያው ወር ነጋሪት አስጎስመው ሕዝቡ ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለቀቁ። ለ25 ዓመታት የነገሡ፣ በጦር ሜዳ እምብዛም ያልተሸነፉ ንጉሥ በመጨረሻ ከሥልጣን ያወረዳቸው ያሸነፉት ጦርነት ነበር።

እዚህ ላይ እንዴት እንደተደረሰ ለመረዳት ወደ ኋላ ራቅ ማለት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከምርኮ እስከ ዙፋን

ሱስንዮስ የአጼ ልብነ ድንግል ዘር ናቸው፤ አባታቸው አቤቶ ፋሲል የልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ነበሩ። ገና ልጅ ሳሉ በኦሮሞ ተዋጊዎች ተማርከው ከእነርሱ ጋር ኖሩ። ቋንቋውን ለመዱ፤ የውጊያውንም ስልት ተማሩ። ይህ የልጅነት ምርኮ ኋላ ላይ ትልቅ ጉልበት ሆኗቸዋል። ለዙፋኑ በተነሡ ጊዜ ከጎናቸው ከተሰለፉት መካከል የኦሮሞ ተዋጊዎች ነበሩ፤ የውጊያ ስልታቸውም ከተቀናቃኞቻቸው የተለየ ነበር።

ዘመኑ የዙፋን ሽኩቻ የበዛበት ነበር። አጼ ዘድንግልና አጼ ያዕቆብ እየተፈራረቁ ነገሡ፤ ዘድንግል የካቶሊክን ሃይማኖት ሳይወዱ አልቀሩም ተብለው በተነሣባቸው ዐመፅ ተገደሉ። ሱስንዮስ በመጋቢት 1599 ዓ.ም ጎጃም ውስጥ ጎል በተባለው ሥፍራ ያዕቆብን ድል አደረጉ። በዚያ ጦርነት ንጉሡ ያዕቆብ ብቻ ሳይሆኑ ከእርሳቸው ጋር የዘመቱት ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስም ሞቱ። አዲሱ ንጉሥ የዘድንግልን ዕጣ ያውቃሉ። በሃይማኖት ምክንያት ንጉሥ ሊገደል እንደሚችል ለእርሳቸው የሩቅ ዘመን ወሬ አልነበረም።

ፖርቱጋሎች ከየት መጡ?

የካቶሊክ ካህናት ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በሱስንዮስ ጥሪ አይደለም። በ1533 ዓ.ም 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች በክርስቶቮ ደ ጋማ መሪነት በምጽዋ በኩል ገብተው ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጋር ይደረግ በነበረው ጦርነት ተካፈሉ። መሪያቸው ተማርኮ ተገደለ፤ የተረፉት ግን ከአጼ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1535 ዓ.ም ኢማሙ በተገደሉበት ጦርነት ተሰለፉ። የዚያ ጦርነት ሥፍራም ወይና ደጋ ይባላል። ፖርቱጋሎች በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ስማቸውን የተከሉበትና ከ89 ዓመት በኋላ ተስፋቸው የተቀበረበት ጦር ሜዳ አንድ ስም መያዙ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው።

ወታደሮቹን ተከትለው ኢየሱሳውያን የተባሉት፣ ጀስዊት በሚል ስምም የሚታወቁት የካቶሊክ ማኅበር ካህናት መጡ። አጼ ገላውዴዎስ በእንግድነት ቢቀበሏቸውም ሃይማኖታቸውን አልተቀበሉም። እንዲያውም በ1547 ዓ.ም የአገሪቱን ቤተ ክርስቲያን እምነትና ልማድ የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጁ፤ ቀዳሚት ሰንበት ለምን እንደምትከበር፣ ግዝረት ለምን እንደሚፈጸም በዚያ ላይ አብራርተዋል። ከ70 ዓመት በኋላ አገር ያመሱት ነጥቦች ከሞላ ጎደል እነዚያው ናቸው። ካህናቱ በአድዋ አቅራቢያ ፍሬሞና በተባለች ሥፍራ ተወስነው፣ የፖርቱጋሎቹን ልጆችና የልጅ ልጆች እያገለገሉ ኖሩ።

ነገሩን የለወጠው በ1595 ዓ.ም የገባው ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ፓኤዝ ቀደም ሲል ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ሲሞክር ተይዞ በየመን ለዓመታት ታስሮ የነበረ፣ ትዕግሥተኛና ብልህ ሰው ነበር። ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ ልጆች አስተማረ፤ ግንባታ መራ። በሚያዝያ 1610 ዓ.ም ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ሲጓዝ ሰከላ ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን አይቶ ጽፏል። ሰዎችን ወደ ሃይማኖቱ የሚስበው በዐዋጅ ሳይሆን በወዳጅነትና በክርክር ነበር። ከንጉሡ በፊት የንጉሡን የእናት ልጅ፣ ኃይለኛውን የጦር መሪ ራስ ሥዕለ ክርስቶስን ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት አስገባ።

ሱስንዮስ ለምን አዘነበሉ? ከልብ አምነው ነው የሚል አለ፤ ለሥልጣን ብለው ነው የሚልም አለ። ሁለቱን መለየት አይቻል ይሆናል። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በካቶሊክነታቸው መጽናታቸው እምነቱ የይስሙላ እንዳልነበረ ያሳያል። በሌላ በኩል ግን በዚያን ጊዜ ስፔንንም ፖርቱጋልንም ይገዛ ለነበረው ንጉሥ ደብዳቤ እየጻፉ ወታደር እንዲላክላቸው ጠይቀዋል። በየአቅጣጫው ዐመፅ ለሚነሣበት፣ የመኳንንቱን ጉልበት ሰብሮ ጠንካራ መንግሥት ለማቆም ለሚሻ ንጉሥ የጠመንጃ ወዳጅ ትልቅ ነገር ነው። የተጠበቀው ጦር አንድም ጊዜ አልመጣም። የመጡት ካህናት ብቻ ናቸው።

ከቤተ መንግሥት ክርክር እስከ ገበሬው ደጅ

የሊቃውንቱ ክርክር ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንደ እስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ መለኮትና ትስብእት ያለ መለየትና ያለ መቀላቀል ተዋሕደው አንድ ባሕርይ ሆኑ ትላለች፤ የሮም ቤተ ክርስቲያን በኬልቄዶን ጉባኤ እንደተወሰነው ሁለት ባሕርይ በአንድ አካል ትላለች። ይህ ክርክር በንጉሡ ፊት በተደጋጋሚ ተካሄደ። አቡነ ስምዖን ሁለት ባሕርይ የሚለውን ሁሉ አወገዙ። የንጉሡ አማች ዩልዮስ ሸፈቱ፤ ጳጳሱም ከእርሳቸው ጋር ወገኑ። በ1609 ዓ.ም በተደረገው ጦርነት ሁለቱም ተገደሉ። ጳጳስ በንጉሥ ሠራዊት እጅ መገደሉ ብዙ ሰው አስደነገጠ። ከዚያም በኋላ አገሪቱ ከእስክንድርያ የተላከ ጳጳስ ሳይኖራት ዓመታት አለፉ።

ገበሬው ስለ ባሕርይ ትምህርት ያለው ዕውቀት ከቄሱ የሰማው ነው። በቀጥታ የደረሰበት የቀዳሚት ሰንበት ዐዋጅ ነው። ንጉሡ ቅዳሜ እንዳይከበር፣ እንደማንኛውም የሥራ ቀን እንዲታረስበትና እንዲሠራበት አዘዙ። አባቶቹ በሬ ያልጠመዱበትን ቀን በሬ እንዲጠምድበት የታዘዘ ሰው፣ በንጉሡና በአምላኩ መካከል እንዲመርጥ የታዘዘ ያህል ነው። በበጌምድር የዮናኤል ዐመፅ የተነሣው በዚሁ ጊዜ ነው። ንጉሡ ዐመፁን በጦር አከሸፉት፤ ዐዋጁንም አጸኑት።

በ1614 ዓ.ም አጼ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ፤ ከመጀመሪያዋ ሚስታቸው በቀር ሌሎቹን አሰናበቱ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሞተ። ነገሩን በዝግታ ይዞ የነበረው ሰው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ታጣ።

በእርሱ ቦታ ከሮም ተሹሞ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴስ በ1617 ዓ.ም በአፋር በረሃ በኩል አቋርጦ ገባ። የተማረ ሰው ነበር፤ የሚሰብከውን ሕዝብ ግን አያውቅም፤ ለማወቅም ብዙ አልታገሠም። በየካቲት 1618 ዓ.ም በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ታላቅ ሥነ ሥርዓት ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ በፓትርያርኩ ፊት ተንበርክከው ለሮም ፖፕ ታማኝነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው ፋሲለደስ፣ መሳፍንቱ፣ መኳንንቱና ካህናቱ ማሉ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ሰይፋቸውን መዝዘው ከመሐላው የሚያፈገፍገውን እንዳስጠነቀቁ ተጽፏል።

ቀጥሎ የመጣው ሥርዓት እያንዳንዱን ቤት አንኳኳ። የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ፣ የተካኑት ካህናት እንደገና እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ ታዘዘ። ግዝረት ተከለከለ። የረቡዕ ጾም ቀርቶ ቅዳሜ እንዲጾም ተደረገ። በዓላቱ በሮም አቆጣጠር እንዲከበሩ፣ ቅዳሴውም በሮም ሥርዓት እንዲሆን ተወሰነ። ለደብተራውና ለቄሱ ይህ የዕድሜ ልክ ትምህርቱን መሻር ነው። ለገበሬው ደግሞ የቀን አቆጣጠር የግድግዳ ጌጥ አይደለም፤ መቼ እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚያጭድ፣ የማን ዝክር መቼ እንደሚወጣ፣ ማኅበሩ በማን ቤት እንደሚውል፣ ጾሙ መቼ ተይዞ መቼ እንደሚፈታ የሚያውቅበት የኑሮው መሠረት ነው። ዳግመኛ መጠመቅ ማለትም እስከዛሬ ክርስቲያን አልነበርክም፣ ሞተው የተቀበሩ ወላጆችህም ክርስቲያን ሳይሆኑ ነው የሞቱት ማለት ሆኖ ተሰማ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀብረው የነበሩ የአንድ እጨጌ ዐፅም ከመቃብር ወጥቶ መጣሉ ደግሞ ቁጣውን እንዳባባሰው የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። በእውነት ከተሐድሶው ሁሉ ይህኛው ምን ጥቅም እንደታሰበለት ለመረዳት ያስቸግራል።

የሴቶቹ እንቢታ

ተቃውሞው የጦረኞች ብቻ አልነበረም። የንጉሡ ሚስት እቴጌ ወልድ ሠዐላ ለቀደመው ሃይማኖት ያደሉ ነበሩ። ከሁሉ በላይ ስማቸው የሚነሣው ግን የመኳንንት ልጅ የነበሩት ወለተ ጴጥሮስ ናቸው። ባለቤታቸው ከንጉሡ ታላላቅ የጦር መሪዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ስማቸው ከላስታው ዐማፂ ጋር አንድ ዐይነት መልክዐ ክርስቶስ ነው፤ ሰዎቹ ግን ይለያያሉ። አቡነ ስምዖን ከተገደሉ በኋላ ወለተ ጴጥሮስ ባላቸውን ትተው መነኮሱ፤ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ሕዝቡ አዲሱን ሥርዓት እንዳይቀበል አስተማሩ። በንጉሡ ፊት ለፍርድ ቀረቡ፤ ዠበይ ወደተባለ የቆላ ምድርም በግዞት ተላኩ። አልተመለሱም። ከግዞት በኋላ በጣና ሐይቅ ዙሪያ የተከታዮቻቸውን ማኅበራት መሠረቱ። ካረፉ ከ30 ዓመት በኋላ የተጻፈው ገድላቸው የዚያን ዘመን ሕይወት ከቤተ መንግሥት ውጭ ሆኖ ለማየት ከሚያስችሉ ጥቂት መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ቋራጣ ያለው ገዳምም እስከ ዛሬ በስማቸው ይታወቃል።

ላስታ

በ1621 ዓ.ም አካባቢ በትግራይ የንጉሡ አማች ተክለ ጊዮርጊስ ሸፍተው ተይዘው ተገደሉ። በዚያው ሰሞን ላስታ ተነሣች። የላስታ ተራሮች ለንጉሥ ፈረሰኛ የሚመቹ አይደሉም። ከንጉሣዊው ዘር የሆኑት መልክዐ ክርስቶስ መሪ ሆኑ። ዐመፁ የሃይማኖት ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ የግብር ጫና፣ የሠራዊቱ በየአገሩ መስፈር፣ የላስታም የቆየ ነጻነት ወዳድነት በውስጡ አለበት። ነገር ግን ቅሬታውን ሁሉ አንድ ላይ ያሰረው ገመድ ሃይማኖት ነበር። ንጉሡ በተደጋጋሚ ጦር ላኩ፤ ራሳቸውም ዘመቱ።

ሱስንዮስ ነገሩ ከእጃቸው እየወጣ መሆኑን ተረድተው ፓትርያርኩን ማለዘቢያ ጠየቁ። ሜንዴስም ሳይወድ ጥቂት ነገር ፈቀደ፤ የቀደመው ቅዳሴ ታርሞ እንዲቀደስ፣ በዓላት ከፋሲካ በቀር በቀደመው አቆጣጠር እንዲከበሩ፣ የረቡዕ ጾም እንዲመለስ። ይህ ከአምስት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ብዙ ደም ባላፈሰሰ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሕዝቡ የሰማው ዐዋጁ መላላቱን፣ የበለጠ ቢገፋም ጨርሶ እንደሚወድቅ ነው።

በ1624 ዓ.ም መልክዐ ክርስቶስ ከተራራው ወርደው ወደ ንጉሡ ግዛት ገሠገሡ። ጦርነቱ ወይና ደጋ ላይ ሆነ፤ ውጤቱም በመግቢያው የተባለው ነው። ሠራዊቱ ወንድሙን ገድሎ ሲያሸንፍ ለማን እንደተዋጋ ጠየቀ። ከንጉሡ ልጅ ከፋሲለደስ ጀምሮ በዙፋኑ ዙሪያ የቀሩት ታማኞች ከዚህ በላይ አንዋጋም አሉ። ፓትርያርኩ መጥቶ ንጉሡን ሊያጸና ሞከረ። ሱስንዮስ ግን የሕዝብ ብዛትም የጦር ብዛትም አልቀረላቸውም ነበር። ዐዋጁ ሲነገር የነበረውን ደስታ ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው በኀዘን ጽፈውታል፤ ሰዉ እየዘፈነ የአዲሱን ሥርዓት መቁጠሪያ እየሰበረ ይጥል ነበር።

በአውሮፓ ተመሳሳይ ነገር የደረሰው ከ56 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1688 ካቶሊኩ የእንግሊዝ ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛ በፕሮቴስታንት ሕዝባቸው ተጠልተው ከዙፋን ወረዱ። እርሳቸውን ያወረዳቸው ግን ከሆላንድ ጦር ይዞ የተሻገረው አማቻቸው ዊልያም ሲሆን፣ ንጉሡም ወደ ፈረንሳይ ሸሹ። ሱስንዮስ የትም አልሸሹም። ዘውዱን ለልጃቸው ሰጥተው በአገራቸው ቆዩ፤ ወራት ሳይሞላቸውም በመስከረም 1625 ዓ.ም አረፉ። የተቀበሩት ራሳቸው ባሠሩት፣ አዘዞ በሚገኘው ገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለሕዝቡ ሃይማኖቱን መለሱለት እንጂ እርሳቸው የራሳቸውን አልለወጡም።

ከዚያ በኋላ

አጼ ፋሲለደስ በደንቀዝ ምለው የነበሩት የአባታቸውን መሐላ ነው፤ ሲነግሡ ግን በአባታቸው መንገድ አልሄዱም። ሜንዴስና ካህናቱ መጀመሪያ ወደ ፍሬሞና ተወሰዱ፤ በኋላም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ፓትርያርኩ በቱርኮች እጅ ወድቆ በገንዘብ ከተዋጀ በኋላ ሕንድ ደረሰ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ሃይማኖታቸውን አንተውም በማለታቸው ተግዘው ተገደሉ። ከእስክንድርያም ጳጳስ እንዲመጣ ተደረገ። ንጉሡ ለአውሮፓ ካህናት በሩን ለመዝጋት የምጽዋንና የሱዋኪንን የቱርክ ገዢዎች እስከ መጠየቅ ደረሱ፤ በ1630 ዓ.ም ሁለት የፈረንሳይ ካፑቺን መነኮሳት ጎንደር ላይ በስቅላት ተቀጡ። አባት በአንድ ሃይማኖት ሌላውን ሲጫኑ፣ ልጅም በተራቸው የማይታገሡ ሆኑ።

ላስታም ወዲያው አልተመለሰችም። ሃይማኖቱ ተመልሶ ሳለ መልክዐ ክርስቶስ መዋጋታቸውን ቀጠሉ፤ ሊቦ ላይ ፋሲለደስን ድል አድርገው ቤተ መንግሥቱን እስከ መያዝ ደርሰው ነበር፤ በኋላ ግን እዚያው ሳሉ ተከበው ተሸነፉ፤ ሞቱም። የሃይማኖቱ ክርክርም ቢሆን ከካህናቱ ጋር ተጠቅልሎ አልሄደም። ለኢየሱሳውያን ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ የነበሩ ሊቃውንት ቅባትና ጸጋ በሚሉ ወገኖች ተከፋፍለው በጎንደር ዘመን ሁሉ ተከራከሩ፤ በ1870 ዓ.ም አጼ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ እስከሚያደርጉ ድረስ ነገሩ አልረገበም።

ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። የጎንደር አብያተ መንግሥታት የቆሙበት የድንጋይና የኖራ ግንባታ በሱስንዮስ ዘመን በደንቀዝ፣ በጎርጎራና በአዘዞ የተስፋፋ ነው። የጎንደሩን ግቢ የሚጎበኝ ብዙ ሰው ደንቀዝን አይቶ አያውቅም። በደንቀዝ የሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አሁንም በተራራው ላይ አለ፤ በጎርጎራ የጣናን ሐይቅ አሻግሮ የሚያየው፣ የአገሬው ሰው ማርያም ግምብ የሚለው የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያንም ጣሪያው ወድቆ፣ የተቀረጹ ጽጌረዳዎች ያሉት ግድግዳው በከፊል ቆሟል። ካለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች በእነዚህ ሥፍራዎች ቁፋሮ አድርገው አጥንተዋል። በዙሪያው ያለው መሬት ግን ዛሬም ይታረሳል፤ ቅዳሜ ቀን በሬ አይጠመድበትም።